ስልኩ መልስ ሲሰጥ ልጁ ያስብ ዘንድ

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላል የአባቶቻችን ብሂል። ብሂሉ ሰውን ሊቅ የሚያደርገው መልስ ነው አላለም፤ መጠየቅ ነው አለ እንጂ። በዚህ በያዝነው ዘመን ግን መልስ ከጥያቄ ይልቅ እጅግ ረክሶ ስለሚገኝ፣ ልጆቻችን ጥያቄውን በቅጡ ሳያነቡ መልሱን ይዘው የሚቀርቡበት ጊዜ ሆኗል። ተማሪው የታዘዘውን የቤት ሥራ ከደብተሩ አንሥቶ በእጅ ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ ስልኩም ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ መልሱን ያቀርብለታል፤ ተማሪው መልሱን ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ መምህሩም የ«ትክክል» ምልክት ያኖርበታል። ሥራው ተፈጸመ። ነገር ግን ከስልኩ፣ ከተማሪውና ከመምህሩ መካከል በእውነት ያሰበው ማነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስልክና ኮምፒዩተር ከልጆቻችን እጅ ይወሰዱ ለማለት አይደለም። እንደዚያ ያለው ምክር ሊፈጸም የማይችል ከመሆኑም በላይ፣ ልጆቹን ከሚጠቅማቸው ነገር ጭምር የሚለይ ነው። ዓላማው እነዚሁ መሣሪያዎች ተማሪውን ከመሸምደድ አውጥተው ወደ መመርመር፣ ወደ መመዘንና ወደ መፍጠር ያደርሱት ዘንድ ወላጅና መምህር እንዴት አድርገው ሊገለገሉባቸው እንደሚገባ ማመልከት ነው።

የአያቲቱ ሦስት ጥያቄዎች

ነገሩን በአንድ ቤት ውስጥ ባየነው ምሳሌ እንጀምር። ከጸሐፊው ጐረቤት የሚኖር አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «ቡና በማን፣ መቼና የት ተገኘ?» የሚል የቤት ሥራ ታዝዞ መጣ። ማታ ቡና ተፈልቶ ቤተ ሰቡ በተሰበሰበበት ሰዓት ልጁ ስልኩን ጥቂት ከነካካ በኋላ፣ «ጨረስሁ! ቡናን ያገኘው በዘጠነኛው መቶ ዓመት ካልዲ የሚባል የከፋ እረኛ ነው፤ ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲዘልሉ አይቶ ነው» አለና ደብተሩን ሊያጥፍ ሆነ።

ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡት አያቱ የያዙትን ሲኒ አስቀምጠው፣ «ማነው እንዲህ ያለህ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ኢንተርኔቱ ነዋ፣ እማማ።»

«ኢንተርኔቱ አፍ የለው! የጻፈው ሰው ማነው?»

ልጁ ዝም አለ።

«እሺ፤ የጻፈውስ ሰው በምን ዐወቀ? ፍየሎቹ ሲዘልሉ ቆሞ አይቷል?»

ልጁ ሣቀ፤ አያቱ ግን አልሣቁም።

«ሌላውስ ሰው ምን ይላል? አንዱ ስላለ ብቻ ትጽፈዋለህ? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ሲባል አልሰማህም?»

እኚህ አያት ፊደል የቈጠሩ አይደሉም። ይሁን እንጂ ያቀረቧቸው ሦስት ጥያቄዎች በዓለም የታወቀ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከብዙ ጥናት በኋላ ለተማሪዎች ካዘጋጃቸው ሦስት ጥያቄዎች ጋር አንድ ናቸው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ተመራማሪዎች በኢንተርኔት ላይ የሚነበበውን ሁሉ ለመመርመር ተማሪው ሊጠይቃቸው የሚገባውን እንዲህ ሲሉ ወስነዋል፤ ከመረጃው በስተ ኋላ ያለው ማነው? ማስረጃው ምንድር ነው? ሌሎች ምንጮችስ ምን ይላሉ?

ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሳም ዋይንበርግና ሣራ መግሩው የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት ለወላጆች ሁሉ የሚጠቅም ነው። ተመራማሪዎቹ 45 ሰዎችን መረጡ፤ ከእነዚህም 10ሩ በታሪክ ትምህርት የዶክተርነት ማዕረግ የደረሱ ሊቃውንት፣ 10ሩ በጋዜጦችና በመሳሰሉት ድርጅቶች ውስጥ የተጻፈውን ነገር እውነትነት ማጣራት ሙያቸው የሆነ ሰዎች፣ የቀሩት 25ቱ የዚያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ለሁሉም ልዩ ልዩ ድረ ገጾች ተሰጥተው የትኛው እምነት እንደሚጣልበት እንዲፈርዱ ተጠየቁ። ከሊቃውንቱና ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የተሰጣቸውን ገጽ ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ አነበቡ፤ በስሙ ግርማ፣ በምልክቱ ውበት፣ በአቀራረቡም ሥርዐት ተማርከው ተሳሳቱ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ለአፍታ ብቻ አይተው ተዉት፤ ወዲያውም ሌሎች ገጾችን ከፍተው ስለ ገጹ ባለቤት ሌሎች ምን እንደሚሉ ጠየቁ። በዚህም አኳኋን ባነሰ ጊዜ ወደ ትክክለኛው ፍርድ ደረሱ።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ባለጉዳይ ስለ ራሱ የሚናገረውን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ በአገራችን ተከብሮ አያውቅም። ምስክሩ ከጐረቤት፣ ከወሰንተኛ፣ ከአገር ሽማግሌ ይጠየቃል። አጣሪዎቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ገጹን ስለ ራሱ ከመጠየቅ ይልቅ ጐረቤቶቹን ጠየቁ።

እረኛውና ጫካው

ወደ ልጁ እንመለስ። አያቱ ስላሳፈሩት ስልኩን እንደገና ከፈተ። ያገኛቸው ገጾች ብዙዎች ነበሩ፤ ሁሉም ስለ ካልዲና ስለ ፍየሎቹ ይናገራሉ፤ ቃላቸው እንኳ ሳይቀር ይመሳሰላል። «ይኸው፣ ሁሉም ይህንኑ ይላሉ!» ብሎ ሊደመድም ሲል አባቱ፣ «አሥር ሰው አንዱን ሰው ቢደግም ምስክሩ አንድ ነው እንጂ አሥር አይደለም፤ የመጀመሪያውን ተናጋሪ ፈልግ» አለው።

ፍለጋው ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። በመጨረሻ ልጁ ያገኘው ይህ ነው፤ እንስሳቱን ተከትሎ የቡናን ኃይል ስላወቀው እረኛ የሚናገረው ታሪክ በጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1671 አንቶኒዮ ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ የማሮናውያን ወገን የሆነ ሊቅ በሮም ከተማ በላቲን ቋንቋ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ «ካልዲ» የሚል ስም የለም፤ ስሙ የተጨመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ነገሩ ሆነ የተባለውም በኢትዮጵያ ሳይሆን በዐረብ ምድር ነው። ከዘጠነኛው መቶ ዓመት እስከ 1671 ድረስ ደግሞ ወደ 800 ዓመት ያህል አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ታሪኩን የመሰከረ ጽሑፍ አልተገኘም።

ልጁ ይህን ሲያነብ ፊቱ ጠቈረ። «እንግዲያው ቡና የእኛ አይደለም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። በዚህች ሰዓት ብዙ ወላጅ ስልኩን ነጥቆ «ተወው፤ የታዘዝከውን ጻፍ!» ይላል። አባቱ ግን፣ «አንድ ምስክር ወደቀ እንጂ ነገሩ አልተፈረደም፤ ሌላ ምስክር ፈልግ» ብሎ መለሰለት።

ሌላው ምስክር ተገኘ። አረቢካ የተባለው የቡና ዓይነት ሰው ሳይተክለው በተፈጥሮ የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥና በአጐራባቹ በደቡብ ሱዳን የቦማ ተራራማ ምድር ነው። የዕፅዋትን ዘር የሚመረምሩ ሊቃውንትም የዚህ ቡና ዝርያ ከሁሉ ይልቅ በዝቶና ተለያይቶ የሚገኘው በኢትዮጵያ መሆኑን፣ በየመንና ከየመን ወደ ሌላው ዓለም ተወስዶ የተተከለው ግን ከዚህ የተቀዳ ጥቂት ክፍል መሆኑን አረጋግጠዋል። የከፋና የያዩ የቡና ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም የሕይወታዊ ከባቢ ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ የሰፈሩ ናቸው።

ልጁም ብዕሩን አነሣና በራሱ ቃል እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ቡና የኢትዮጵያ መሆኑን የሚመሰክረው እረኛው ሳይሆን ጫካው ነው።»

ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ስልኩ አልሰጠውም። ስልኩ የሰጠው ብትንትን ያለ ወሬ ነው፤ ልጁ ወሬውን ከማስረጃው ለየ፤ ደካማውን ማስረጃ ከጠንካራው ጋር መዘነ፤ በመጨረሻም የራሱን ፍርድ ፈጠረ።

ስድስቱ ደረጃዎች

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ቤንጃሚን ብሉም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ የተማሪን አእምሮ ሥራ በስድስት ደረጃዎች ከፍሎ አስቀምጧል። ይህ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ2001 በሎሪን አንደርሰንና በዴቪድ ክራትዎል መሪነት ከታረመ ወዲህ ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ ሲቈጠሩ ማስታወስ፣ መረዳት፣ በሥራ ላይ ማዋል፣ መተንተን፣ መመዘንና መፍጠር ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱ የላይኞቹ ከፍተኛ የማሰብ ችሎታ ተብለው ይጠራሉ።

ይህን የሚሰማ የአገራችን ሰው የጥንቱን ትምህርት ቤት ሳያስታውስ አይቀርም። ሕፃኑ በመጀመሪያ ፊደል ይቈጥራል፤ ዳዊት ይደግማል፤ ይህ የማስታወስ ትምህርት ነው። ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሥርዐቱ ይለወጣል። የቅኔ ተማሪ የባልንጀራውን ቅኔ የራሱ አድርጎ ቢያቀርብ ነውር ነው፤ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ድረስ በየጊዜው አዲስ ነገር ፈጥሮ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይታረማል። ሰሙን ከወርቁ መለየት መተንተን ነው፤ በትርጓሜ ቤትም አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ መፍታት መመዘን ነው። እንግዲህ ከፍተኛውን ማሰብ ከባሕር ማዶ የምናስመጣው ነገር አይደለም፤ ከቤታችን የነበረውን ከዘመኑ መሣሪያ ጋር ማጋባት ብቻ ነው የሚፈለግብን።

ከዚህም ጋር መሸምደድን ፈጽሞ የሚያናንቁ ሰዎች እንደሚሳሳቱ መናገር ይገባል። ልጁ ቡና ምን እንደ ሆነ፣ የመን የት እንዳለች፣ ከ1671 ላይ 850 ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ባያውቅ ኖሮ ምርመራውን ሊጀምረው እንኳ አይችልም ነበር። ዕውቀት መሠረት ነው፤ ነገር ግን መሠረት ጥሎ ቤት ሳይሠሩ መቅረት አይገባም።

ለዚህ የሚረዱ መሣሪያዎች

በኢንተርኔት ከሚገኙት ነጻ መሣሪያዎች መካከል ወላጆችና መምህራን ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥቂቶቹን እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው «ፌት» የተባለው የምስለ ሙከራዎች ስብስብ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት በ2001 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ የሆኑት ካርል ዋይመን ናቸው። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪ በዚህ መሣሪያ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል፤ ፔንዱለም ያወዛውዛል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን በአጠያየቁ ነው። መምህሩ ምስሉን ከማሳየቱ በፊት፣ «በክሩ ጫፍ የታሰረው ድንጋይ ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ውዝዋዜው ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ተማሪዎቹም ግምታቸውን ከነምክንያቱ ይጻፉ። ብዙዎቹ ይፈጥናል ይላሉ። ሙከራው ሲታይ ክብደቱ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ለውጥ የሚያመጣው የክሩ ርዝመት ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ክር አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ አንድ ሜትር ክር ደግሞ ሁለት ሴኮንድ ያህል። ይህንንም በቤት ውስጥ በክርና በጠጠር ሠርቶ ከስልኩ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ልጁ የገመተው ሲፈርስበት «ለምን?» ይላል፤ ትምህርትም ከዚያች ቃል ይጀምራል።

ሁለተኛው ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንቫርተር እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው «ጂኦጀብራ» ነው። ተማሪው ሦስት ማዕዘን ሥሎ ጫፎቹን ወዲያና ወዲህ ይጐትታል፤ ቅርጹ ሁሉ ሲለዋወጥ የማዕዘኖቹ ድምር 180 ዲግሪ ሆኖ መጽናቱን ያያል። እዚህ ላይ መምህሩ «አየህ?» ብሎ ማለፍ የለበትም፤ «ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚሆን በምን ታስረዳለህ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ያቀረበው «ስክራች» ነው። ይህ ልጆች የፕሮግራም ትእዛዞችን እንደ መጫወቻ ጡብ እየገጣጠሙ ተረትና ጨዋታ የሚሠሩበት ሲሆን፣ በአማርኛም መጠቀም ይቻላል። የአያቱን የጦጣና የአንበሳ ተረት በዚህ መሣሪያ የሚሠራ ልጅ ታሪኩን ይተነትናል፤ ቅደም ተከተሉን ያቅዳል፤ ሲሳሳት ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ ያርማል።

አራተኛው ብዙ ወላጆችን ያሳሰበው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ቻትጂፒቲ የተባለው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ አንድ ድርሰት በደቂቃ ማስጻፍ ቀላል ሆኗል። እንዲህ ያለው መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ያልሆነውን እንደ ሆነ፣ ያልተጻፈውን መጽሐፍ እንደ ተጻፈ አድርጎ በሙሉ ልብ ይናገራል። አስተዋይ መምህር ግን ይህንኑ ጉድለት ለትምህርት ሊያውለው ይችላል። መሣሪያው የጻፈውን ድርሰት ለክፍሉ አቅርቦ፣ «ከዚህ ውስጥ ማስረጃ የሌለውንና የተሳሳተውን ለዩ፤ ከመማሪያ መጽሐፋችሁም ጋር አስተያዩ» ብሎ ቢያዝ፣ ተማሪው ከገልባጭነት ወደ ዳኝነት ወንበር ይወጣል። ተማሪውም ብቻውን ሲያጠና «መልሱን ስጠኝ» ከማለት ይልቅ «ጠይቀኝና ስሳሳት ምክንያቴን አስረዳኝ» ቢል ይጠቀማል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ቃል በዚህ ስፍራ ይሠራል።

መሣሪያ ብቻውን አያስተምርም

መሣሪያውን መግዛትና ማከፋፈል ብቻ በቂ አለመሆኑን የሚያሳይ ታላቅ ምሳሌ አለ። የፔሩ መንግሥት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚል ዕቅድ በገጠር ላሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ኮምፒዩተሮችን ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣውና 319 ትምህርት ቤቶችን በመረመረው ጥናት ውጤቱ ሲታይ፣ ልጆቹ በጠቅላላ የማሰብ ችሎታ መለኪያ ጥቂት መሻሻል ቢያሳዩም በሒሳብና በቋንቋ ትምህርት የተገኘ ለውጥ አልታየም። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሩቅ ላለው ተማሪ ሁሉ እኩል ትምህርት ለማድረስ በበጎ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ይናገራል እንጂ አይጠየቅም፤ ተማሪው «አልገባኝም» ቢለው ቆሞ አይጠብቀውም። መምህሩን ከጥያቄና ከመልስ ያራቀ መሣሪያ ምንም ቢያምር ጐደሎ ነው።

ነገሩ የሚያሳስበን ያለ ምክንያት አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው በጥብቅ ቍጥጥር ሥር እንዲወስዱት ከተደረገ በኋላ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በስልክ ማመካኘት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይሁን እንጂ ከሌላ የተገኘ መልስ ሲከለከል የራሱ ሐሳብ የሌለው ተማሪ ባዶ እጁን እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ ልጁ መልስ ይዞ ሲመጣ ትክክል ነው አይደለም ከማለት በፊት የአያቲቱን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁት። ለዚህ የተማሩ መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ስልኩን ዘግቶ ያገኘውን በራሱ ቃል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲያስረዳ ያድርጉት። ያልገባውን ነገር ማንም ለአያቱ ሊያስረዳ አይችልም።

ሦስተኛ፣ በቤት ውስጥ አንድ ስልክ ብቻ ካለ አይዘኑ። ወንድምና እኅት በአንድ ስልክ ዙሪያ ተቀምጠው ሲከራከሩ እያንዳንዱ በየስልኩ አቀርቅሮ ከሚገለብጥ ይልቅ ብዙ ያስባሉ።

አራተኛ፣ የኢንተርኔት ዋጋ የሚከብድ ወይም መስመሩ የማይደርስ ከሆነ፣ «ኪዊክስ» የተባለውን ነጻ ፕሮግራም የመሰሉ መንገዶች አሉ። በዚህ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን የመሰለ ታላቅ መዝገበ ዕውቀት አንድ ጊዜ አውርዶ ከዚያ ወዲያ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢያኖረው ለብዙ ተማሪዎች ይበቃል።

አምስተኛ፣ ልጁ «አላውቅም» ቢል አይቈጡት። «አላውቅም፤ ግን እንዴት እንደሚታወቅ ዐውቃለሁ» ወደ ማለት የሚደርሰው በዚያች በር አልፎ ነው።

የልጁ ፍርሃትና መምህሩ

የቡናውን ታሪክ ሳንጨርስ አንለያይም። በዚያች ማታ ልጁ ከመተኛቱ በፊት አንድ ነገር አስጨነቀው። «መምህራችን የሚጠብቁት ‹ካልዲ› የሚለውን ነው፤ ይህን ብጽፍ ነጥብ ይቀነስብኛል» አለ። ፍርሃቱ ተራ ነገር አልነበረም፤ ልጆቻችን ያሰቡትን ከመጻፍ የሚታገዱት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ፍርሃት ነው። አባቱ ይህን ጻፍ፣ ያን ተው አላለውም። ልጁም ጥቂት ካሰበ በኋላ ሁለቱንም ጻፈ፤ «ቡናን ካልዲ የተባለ እረኛ አገኘው ይባላል። ነገር ግን ...» ብሎ ያገኘውን ሁሉ በተራ በተራ አስፍሮ ስለ ጫካው በጻፈው ቃል ደመደመ።

በማግስቱ መምህሩ ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም ልጁን አስነሥተው ለክፍሉ ሁሉ እንዲያነብ አደረጉት፤ «እኔም እስከ ዛሬ ሳልጠይቅ ነበር ያስተማርሁት» ሲሉም ተናገሩ። ለሚቀጥለው ሳምንት የሰጡት የቤት ሥራ ይህ ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ «ይባላል» ተብሎ ከሚነገረው ነገር አንዱን መርጦ፣ ማን እንዳለው፣ በምን እንዳወቀና ሌላው ምን እንደሚል መርምሮ ይምጣ።

ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመጀመሪያ የሄደው ወደ አያቱ ነው። «እማማ፣ አሥር ከአሥር አገኘሁ» አላቸው። እርሳቸውም ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ማነው እንዲህ ያለህ?» አሉት፤ በዚህ ጊዜ ግን ሁለቱም ሣቁ።